«አንቀሳቃሽ ሞተር» ስንል ያው ቃል ሁለቴ?

ጥያቄ፦ «ንግድ የኢኮኖሚው አንቀሳቃሽ ሞተር ነው» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። «አንቀሳቃሽ» ከየት የመጣ ቃል ነው? «መዘውር»ስ ከእሱ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ «ሞተር» ዘሩ ላቲን ነው። «ሞቬሬ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ማንቀሳቀስ ማለት ነው። ስለዚህ ሐረጉ ሲፈታ «አንቀሳቃሽ አንቀሳቃሽ» ይሆናል! ግን አማርኛ ተናጋሪ ሞተር ሲባል ትዝ የሚለው የሚያጓራው ብረት እንጂ ላቲን አይደለም። ስህተት ነው ብዬ አልሟገትም።

ወደ «አንቀሳቃሽ» እንምጣ። ተነባቢዎቹ የ«ቀሰቀሰ» ናቸው፦ ቀ-ሰ-ቀ-ሰ። ከፊት «ተን» ሲገባ «ተንቀሳቀሰ»፣ «አን» ሲገባ «አንቀሳቀሰ» ይሆናል። አንዱ በራሱ፣ ሌላው ሌላውን። «ተንከባለለ» እና «አንከባለለ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ ልዩነቱ «ከባለለ» ብሎ ነገር የለም፣ «ቀሰቀሰ» ግን ብቻውንም ይኖራል። ቅስቀሳና እንቅስቃሴም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው።

ዝምድናቸው ግን ሥራቸውን አንድ አያደርገውም። «ጠብ ቀስቃሽ» እንላለን፣ «ጠብ አንቀሳቃሽ» አንልም። ቀስቃሽ ከእንቅልፍ ያስነሣህና ይሄዳል። አንቀሳቃሽ አብሮህ ይውላል፤ እሱ ከቆመ ነገሩም ይቆማል።

«መዘውር» ዘመዱ ሌላ ነው፣ የ«ዞረ»። ሥሩ ዘ-ወ-ረ ሲሆን «ዞረ» ላይ «ወ» ተውጣለች። «አዟሪ» በሉ እስቲ፤ «ዟ» ውስጥ ብቅ ትላለች። መዘውር እንግዲህ የሚዞር ወይም የሚያዞር መሣሪያ ነው። «ከጀርባ ሆኖ የሚዘውረው» ሲባልም ነገሩ ስለ አቅጣጫ ነው፣ ስለ ጉልበት አይደለም። አንድን ድርጅት ገንዘብ ሊያንቀሳቅሰው፣ የሚዘውረው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ጋዜጠኞቻችን ሁለቱን ሲደባልቁ ትንሽ ያናድደኛል።

ስለ ሰው ልብ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ተዉአቸው። «ምን ገፋፋው?» ነው የሚባለው፤ በስም ሲሆን «ገፊ ምክንያት»። «መንሥኤ» የግእዙ «ተንሥአ» ዘመድ ነው፣ ነገሩ የተነሣበት ማለት ነው። ለእሳት ቃጠሎም ለበሽታም ይሆናል።

የጠቀሱትን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው «ኢኮኖሚውን የሚያንቀሳቅሰው ንግድ ነው» እለዋለሁ። ግሱ ካለ ሞተሩም አያስፈልግም።