ምን ልስማ? ከጣና ዳር ለመጡ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ለዓመታት ካሴት ሸጫለሁ። ሲዲው መጣና ካሴቱን ገደለው፣ ፍላሹ መጣና ሲዲውን ገደለው፣ ሱቁም የሞባይል ቀፎ መሸጫ ሆነ። ባለፈው ሳምንት «ስለ ሙዚቃ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ የቆየም ይሁን የትናንት» ብዬ ነበር። የመጣው ጥያቄ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የሚመሳሰሉትን እያጣመርሁ እመልሳለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሸክላውና ሲዲው ላይ እንደዚያ ስለተጻፈ ለመፈለግ ይቀላችኋል።

የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ከድሮ ዘፈን የማውቀው አባቴ መኪና ውስጥ የሚከፍተውን ብቻ ነው። ለጀማሪ አምስት ዘፈን ቢጠቁሙኝ?

አምስት ዘፈን አልሰጥህም፤ አንድ ሥራ ሙሉውን እሰጥሃለሁ። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»፣ 1975፣ ከአይቤክስ ባንድ ጋር። ይህ ባንድ ነው በኋላ ሮሃ የተባለው። መጀመሪያ ስትሰማው የማሕሙድን ድምፅ ብቻ ነው የምትከተለው፤ ምን ታደርግ፣ ይጎትታል። ሁለተኛ ጊዜ ግን ማሕሙድን ተወውና ቤዙን ያዝ። ያው አንድ ሐረግ እየዞረ፣ እየዞረ፣ ሳይሰለች ይመጣል። ሦስተኛ ጊዜ ጊታሩን ስማ፤ ሰላም ስዩም ነው፤ ክራር የሚመታ እንጂ ጊታር የሚጫወት አይመስልም። ሳክስፎኖቹ ደግሞ ሠርግ ላይ እንዳለ ተቀባይ አፍ አፉን እየተከተሉ ይመልሱለታል። በ1986 አንድ የቤልጂየም አሳታሚ አውጥቶት የውጭው ሰው ጆሮ የገባውም ይኸው ሥራ ነው።

እሱን ከጨረስህ በኋላ ጥላሁን ገሠሠ አለ፣ አለማየሁ እሸቴ አለ። ከሁሉ በፊት ግን ብዙነሽ በቀለን አትዝለላት። ሱቅ ውስጥ ወጣቶች የጥላሁንን ሲገዙ እኔ የብዙነሽን ከፍቼ ዝም እል ነበር። ከአሥሩ አራቱ «ይቺ ማናት?» ብለው ይመለሳሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በ1969 ያንን አዋጅ ተዳፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ የመጀመሪያ ዘፋኙም አለማየሁ እሸቴ ነበር። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምትሉት ከዚያ ድፍረት በኋላ የመጣውን ነው።

የባጃጅ ሹፌር፣ ሽንብጥ፦ ቀኑን ሙሉ ብከፍተው ተሳፋሪ የማያማርርበት ምን አለ?

ሙሉቀን መለሠ። በቃ። «ናኑ ናኑ ነይ»ን ክፈትና አሮጊቷም ተማሪውም ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ በመስተዋትህ እያቸው። የኛው የጎጃም ልጅ ነው፤ ገና በወጣትነቱ እንዲህ ዘፍኖ ሲያበቃ ለእምነቱ ብሎ ዓለማዊውን ዘፈን እርግፍ አድርጎ ተወው። በ2024 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ድምፁን ግን ቀንስልን ወንድሜ፤ የባጃጅ ስፒከር ከልክ ሲያልፍ ሙሉቀንም መለከት ይመስላል።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፦ ትዝታ ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት ይመስለኛል? ጆሮዬ ነው ወይስ ዘፈኑ?

ጆሮሽ ደህና ነው እህቴ። ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ አይደለም፤ ቅኝት ነው፣ ማለትም ዜማው የሚወጣበትና የሚወርድበት መሰላል። አራቱ የታወቁት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ትምህርት ቤታችሁ ኪቦርድ ካለ ነጮቹን ተይና ጥቁሮቹን ብቻ ንኪ። ሁለቱ አንድ ላይ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው የተደረደሩት አምስቱ ጥቁሮች ናቸው። ከሦስቱ ከመጀመሪያው ተነሺና ወደ ላይ ሂጂ፤ ሙሉ ትዝታ ወጣልሽ። ተማሪዎችሽ ፊት አድርጊው፤ «እናውቀዋለን!» ብለው ይጮኻሉ።

ለማነጻጸር የአምባሰሏን ንግሥት ማሪቱ ለገሰን ስሚ። ያው ወሎ ነው፣ ያው ናፍቆት ነው፣ መሰላሉ ግን ሌላ ነው። ትዝታ ሆድ ያባባል፤ አምባሰል አንገት ቀና ያስደርጋል። አንቺሆዬ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ድምፆቹ ተጠጋግተው እንደ መቆንጠጥ ያለ ነገር ይሰማሻል፤ እሱን በቃላት አላስረዳም፣ ስሚው።

ብዙ ሰው «አረብኛ ሳልሰማ የሱዳን ዘፈን ለምን ሆዴን ይበላዋል?» ብሎ ጠይቋል። መልሱ እዚሁ አለ፤ የሱዳኑም ሙዚቃ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው። የመሐመድ ወርዲን ካሴት ቋንቋውን አንዲት ቃል የማይሰማ የመራዊ ገበሬ ከእኔ ገዝቷል።

አንድ አባት፣ ከዘጌ፦ ለጾም የሚሆን፣ ልብ የማይበትን ምን አለህ ልጄ?

አባቴ፣ እርስዎ የሚኖሩበት ቦታ ከእኔ ሱቅ የበለጠ አለው። የቅዱስ ያሬድን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን፣ ጧትና ማታ ለሚሰማ ሰው እኔ ምን እጨምራለሁ። ካሉኝ ግን የዓለሙ አጋን በገና ልጠቁምዎ። ፈረንሳዮቹ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሚያሳትሙት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 11ኛው ላይ ብቻውን አለ። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ከድልድዩ ጋር የሚነካበት ቦታ ላይ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ ንብ የሚመስል እዝዝ የሚል ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። በስልክ ስፒከር ከሰሙት ብልሽት ይመስላል፤ ልጆቹ ማዳመጫ ያውሱዎት።

ሌላዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። መነኩሲት ናቸው፣ ያለ ቃል በፒያኖ ብቻ ነው የሚጸልዩት ብል ይሻላል። በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳተሙ፤ በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። እኔ ክረምት ላይ፣ ጣና ጉም ሲለብስና ማዶው ሲጠፋ ነው የምከፍታቸው።

ተማሪ፣ ፖሊ ግቢ፦ ለጥናት የሚሆን «ክላሲካል» ይጠቁሙኝ።

እኛ ዘፋኝ የሌለበትን ሁሉ ክላሲካል ነው የምንለው፤ ባኽም፣ የሠርግ ኪቦርድም። ስለዚህ ሁለቱንም ልመልስ። በእኛው አጠራር ከሆነ ኃይሉ መርጊያ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ አሜሪካ ቀርቶ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያገኘው ሰውዬው አሁንም ታክሲ ላይ ነበር፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ ሥራ አወጣ። ለጥናት ከእሱ የተሻለ አላውቅም፤ ወደፊት ይገፋሃል እንጂ አያስተኛህም።

በፈረንጁ አጠራር ከሆነ የባኽን የቼሎ ሥራዎች ውሰድ፤ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፣ እንደ ማሲንቆ ቆጥረህ ስማው።

ስሙን ያልገለጸ፦ ጃዝ እወዳለሁ ለማለት እፈልጋለሁ ግን አልወደውም። ምን ይሻለኛል?

ሐቀኛ ሰው! ሙላቱ አስታጥቄን በ1972ቱ ሥራ ጀምር፤ የኛን አምስት ድምፅ ይዞ ቫይብራፎኑን (በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያ ነው)፣ የላቲን ከበሮውን ጨመረበት። ጆሮህ ዜማውን ስለሚያውቀው ሌላውን በትዕግሥት ይቀበለዋል። ከዚያ ጌታቸው መኩሪያ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያወርድ የነበረ ሰው ነው፤ ጎጃሜ ሆነህ እሱን ሰምተህ ፀጉርህ ካልቆመ ወደ ሐኪም ሂድ። በ2006 ከኔዘርላንድ ሮከኞች ጋር የሠራውን «ሞአ አንበሳ»ን ለጥቀህ ስማ። የማይልስ ዴቪስን የ1959ኙን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» መጨረሻ ላይ አድርገው። አንድ መሰላል ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቶ መፍሰስ ያለበት ሥራ ነውና በቅኝት ላደገ ጆሮ አይከብድም።

የ19 ዓመት ልጅ፦ ጋሽዬ፣ ሁሌ የሞተ ሰው ነው የሚጠሩት። የዛሬ ልጅ ምንም አልሠራም?

ተመታሁ። ግን ኃይሉም ሙላቱም በሕይወት አሉ፣ ይታረም።

የሮፍናንን «ነፀብራቅ» በ2018 ልጄ ሲያመጣው «ይሄ የጄኔሬተር ድምፅ ነው» ብዬ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ እሱ በማዳመጫ ሲሰማ አንዱን ጆሮ ተቀብዬው ሰማሁ። የሀገር ቤት ምት ከኤሌክትሮኒኩ ሥር ሲሄድ ያኔ ነው የገባኝ። ስፒከር ላይ ከበሮው ሁሉን ውጦት ነበር። ተሳስቻለሁ። ሮክ ካልህ ጃኖ ባንድ አለ፤ የ2012ቱ «ኤርታሌ»። ጊታሩ ሲጮህ አንዳንዴ ግጥሙን ይቀብረዋል፤ ያ ቅሬታዬ ነው፤ መድረክ ላይ ግን ይቅር ይባልላቸዋል። ለፒያኖ ወዳጅ የሳሙኤል ይርጋ «ጉዞ» በዚያው ዓመት የወጣ ነው፤ ያለምንም ቅሬታ።

ብዙ ሰው፦ ከጎጃም አንድ ብቻ ምረጥ ቢሉህ?

ጂጂ። እጅጋየሁ ሽባባው፣ የቻግኒ ልጅ። የ2001ዱን በስሟ የተሰየመውን ውሰዱ። አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው ያዘጋጀው፤ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር የሚባሉ የጃዝ አለቆች መጥተው አጅበዋታል። የሚገርመው እነሱ መምጣታቸው አይደለም፤ መጥተው እንኳ እሷን አለመሸፈናቸው ነው። «ዓባይ»ን ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ወንዙ ከታች ሲታጠፍ እያያችሁ ስሙት። ቤት ተቀምጦ መስማትም ይቻላል፣ ግን ለምን?

የይሁኔ በላይና የሰማኸኝ በለው ደጋፊዎች እንደምትቆጡ አውቃለሁ። ለጭፈራ እነሱ፤ ለመቀመጥ ጂጂ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ፦ ማታ አዝማሪ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ። ደንቡን አላውቅም።

ከሦስት ሰዓት በፊት አትሂድ፤ ማሲንቆው ገና እየተቃኘ ነው የምትደርሰው። ፊት ለፊት ከተቀመጥህ መሰደብ አለብህ፤ ስለ ሆድህ፣ ስለ ራሰ በራህ፣ ስላጠገብህ ሰው። መቆጣት ነውር ነው። ብር ግንባሩ ላይ ብትለጥፍም ማሲንቆው ላይ ብታስገባም ያው ነው፣ ግን ግጥም ሳትሰጥ ብር ብቻ መስጠት የድሃ ሀብታም ያሰኛል። ጠጋ በልና በጆሮው ንገረው፣ «ተቀበል!» በል፣ እሱ ይቀበልሃል። እኔ አንድ ቀን ያበደርሁትን ካሴት የበላኝ ወዳጄ ማዶ ተቀምጦ ሳየው ይህችን ሰጠሁ፦

ጣናን አቋርጦ ሲሄድ ሳይቀላቀል፣
አባይን ማን አምኖ ቃሉን ይቀበል።

አዝማሪው ሁለት ጊዜ ደገማት፤ ሁለተኛው ላይ ዞሮ እሱ ፊት ቆመ። ወንዙን ነው የተናገርሁት፤ ዋሾውን ያገኘ እሱ ነው። ካሴቱን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ከአማርኛ ውጭ የጠየቃችሁ፦

በአጭሩ። አሊ ቢራ፣ ኦሮምኛ፤ ዑዱን፣ ያንን ባለ አውታር መሣሪያውን፣ ከሰማችሁ በኋላ ድሬዳዋ ያልኖራችሁ ይቆጫችኋል። ከማሊ አሊ ፋርካ ቱሬ፣ «ቶኪንግ ቲምቡክቱ»፣ 1994፤ የወንዝ ዳር ሰው ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ የጣና ዓሣ አጥማጆች ወደውታል። ከኬፕ ቨርዴ ሴዛሪያ ኤቮራ። ከግብፅ የኡም ኩልሱም «ኢንታ ዑምሪ»፣ 1964፤ ቡና እየተፈላ ነው የሚሰማ፣ ሦስተኛው ላይ ያልቃል።

አንዲት እናት፣ አባይ ማዶ፦ ሟቹ ባለቤቴ አንድ ሳጥን ካሴት ትቶልኛል። ልጆቹ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ ይላሉ። ይበላሽ ይሆን?

እመቤቴ፣ ነፍስ ይማር። የኛ ከተማ እርጥበት ለካሴት ጠላት ነው፤ መጀመሪያ በመስኮቷ በኩል ክሩን ይመልከቱ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ካለበት ሻጋታ ነውና ለብቻው ይለዩት፤ አብሮ ከተጫወተ የማጫወቻው ራስ ላይ ቀርቶ ሌላውን ይበክላል። ጤነኛውን በቢክ እስኪርቢቶ ቀስ ብለው አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ ያጠንጥኑት፤ ዓመታት ሙሉ ተጣብቆ የኖረ ክር በሞተር ሲሳብ ይበጠሳል። ማጫወቻውን ሰፈር ውስጥ ካለው ሁሉ ደህናውን ይዋሱ እንጂ የረከሰውን አይግዙ። ልጆቹን ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ «እስቲ መጀመሪያ እንሞክረው» ብለው እንዳይከፍቱ። ከመጀመሪያው ማጫወት ጀምረው ይቅዱ። አንዳንዱ ካሴት አንዴ ብቻ ነው የሚዘፍነው።