ቆጣሪውን ማን እያስሮጠው ነው? የመብራት ቢል ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታና ጥገና ነው። «ምንም አልጨመርንም፣ ቢሉ ግን ጨመረ» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ብቻ፦ ቆጣሪውን ሳታዩ የትኛውንም ዕቃ አትጠርጥሩ። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ሲከስ ይከርማል፣ ጥፋተኛው ግን ማንም ሳይነካው በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ቤታችን አዲስ ዕቃ አልገባም። ቢሉ ግን ከባለፈው ወር በጣም ዘሏል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከወረቀቱ ጀምር። ሁለቱን ቢሎች ጎን ለጎን አድርግና ገንዘቡን ትተህ ኪሎዋት ሰዓቱን፣ ማለትም የተጠቀምከውን የኃይል መጠን እይ። አንዱ የ28 ቀን፣ ሌላው የ35 ቀን ንባብ ከሆነ ያለ ማንም ጥፋት በሩብ ይጨምራል። ያለፉት ወራት ንባብ በግምት ተሞልቶ ከሆነም የተጠራቀመው ዛሬ መጥቶብህ ይሆናል። ቢሉ ላይ ያለውን የመጨረሻ ንባብ ከቆጣሪው ጋር አመሳክር። ዛሬ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ከቢሉ ካነሰ ስህተቱ የንባብ ነው፣ አቤት በል። ታሪፉ በእርከን የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ትንሽ የፍጆታ ጭማሪ ወደ ላይኛው እርከን ታሻግርህና ክፍያው ካሰብከው በላይ ያድጋል። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ወደ ቆጣሪው እንሂድ።

ጥያቄ፦ ቆጣሪው ጋ ሄጄ ምን አያለሁ? ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ያለፈ አይገባኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ የምንፈልገው እሱኑ ብልጭታ ነው። የቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚበራ ተጽፏል፤ 1000፣ 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። 1000 ከሆነ በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ሰከንድ ያዢና 3600ን ለእሱ አካፍዪ። 36 ሰከንድ ከወሰደ ቤትሽ በዚያች ሰዓት 100 ዋት እየተጠቀመ ነው፣ 4 ሰከንድ ከሆነ 900 ዋት። ለ1600 ቆጣሪ በ3600 ፋንታ 2250ን፣ ለ3200 ደግሞ 1125ን ነው የምታካፍዪው።

አሁን ብሬከሮቹን በሙሉ አጥፊ። ብልጭታው ከቆመ አንድ በአንድ እያበራሽ ቁጠሪ። አንዱ ብሬከር ላይ ስትደርሺ ፍጥነቱ ድንገት ይቀየራል፤ ጉዳዩ በዚያ መስመር ላይ ነው። እንግዲህ የዚያን መስመር ዕቃዎች እየነቀልሽ ማጣራት ነው። አንዳንድ ቆጣሪ ፍጆታ ሲቆም መብራቱ ሳይጠፋ ዝም ብሎ በርቶ ይቆያል፣ አያስደንግጥሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ ሙቅ ውሃ የምንጠቀመው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ቦይለሩ ቀኑን ሙሉ ይቆጥራል እንዴ?

መልስ፦ አዎ እናቴ፣ ካልተዘጋ ይቆጥራል። ውሃው ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ራሱን አብርቶ ያሞቃል። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ቧንቧውን ነው የማየው። የሙቅ ውሃው ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል እያንጠባጠበ ነው እንበል። ይህን ውሃ በ40 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በወር 28 ገደማ። ሰው ውሃው እንጂ መብራቱ እየፈሰሰ መሆኑ አይታየውም። ውሃው ሲሞቅ የሚያጠፋው ቴርሞስታት ከተበላሸም ቦይለሩ አልጠፋ ይላል፣ ውሃው ከወትሮው ያቃጥላል። ሦስተኛው ምክንያት አደገኛ ነው። ማሞቂያው ሽቦ ያለበት ቱቦ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል ወደ መሬት ይፈሳል። ሲታጠቡ ትንሽም ቢሆን ከነዘረዎት ብሬከሩን ያጥፉና ባለሙያ ሳያየው አያብሩት።

ጥያቄ፦ ፍሪጄ ሌሊትም ድምፁን አያቋርጥም። እርጅና ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። በሩ ላይ ወረቀት አስገብተህ ዝጋና ሳብ አድርገው። እየተንሸራተተ ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል። ከኋላ ወይም ከሥር ያለውን የብረት መረብ አቧራ ጥረግ፣ ፍሪጁን ነቅለህ ነው ታዲያ። በረዶው ከወፈረ አሟሟው። ከምድጃ ጎን ካለም አርቀው። ሞተሩ 150 ዋት ቢሆን፣ ከቀኑ ሲሶውን ብቻ ሲሠራ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ሳያርፍ ከዋለ ካደረ 3.6።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ ተረሳ ብሎ ይጨቀጭቀኛል።

መልስ፦ ባዶውን የተሰካ ደህና ቻርጀር ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ቢተው 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለደኅንነት ከሆነ ልክ ነው፣ ለቢል ከሆነ ግን ጭቅጭቁ አያዋጣም። ተጠባባቂ ሆኖ 15 ዋት የሚወስድ ዲኮደር ካላችሁ ግን በወር 10.8 ነው፣ እሱን ንቀሉ።

ጥያቄ፦ የውሃ ፓምፑ ሁላችንም ተኝተን ይነሳል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ውሃ የሚጠቀም ሰው ከሌለ ፓምፑ የሚነሳበት ምክንያት የለም። ሽንት ቤት ማጠራቀሚያው ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምርና ሳትለቀው ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ እያፈሰሰ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገውን ቫልቭ አስፈትሽ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ከእኔ መስመር የቀጠለ ይመስለኛል።

መልስ፦ ሰውየውን ከመናገርህ በፊት ብሬከሮቹን ሁሉ አጥፋ። ቆጣሪው አሁንም ከሮጠ ከቆጣሪው በኋላ፣ ከብሬከሩ በፊት የተቀጠለ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሌባ ሳይሆን ድሮ የተዘረጋ የበር ወይም የደረጃ መብራት ነው። የቆጣሪውን ማኅተም ግን እንዳትነካ፣ ጥፋተኛው አንተ ትሆናለህ።

ጥያቄ፦ ቮልቴጅ ሲወርድ ቆጣሪ ይሮጣል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለማሞቂያ ዕቃ እንዲያውም ይቀንሳል። በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ 180 ላይ ወደ 1340 ይወርዳል። ቀስ ብሎ ስለሚያሞቅ ግን ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ድምሩ ብዙም አይለይም። የሚጎዳው ሞተር ያለው ዕቃ ነው፣ ይግላል።

ጥያቄ፦ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቢል የሚቀንስ መሣሪያ ገዝቼ ነበር…

መልስ፦ ውስጡ ካፓሲተርና አንድ አምፖል ነው። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍልህን ኃይል አይቀንስልህም።

ጥያቄ፦ ቆጣሪው ራሱ አብዝቶ እየቆጠረ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሌላውን ሁሉ አጥፍተህ 2000 ዋት የተጻፈበት የውሃ ማፍያ ብቻ አብራ። 1000 የሚል ቆጣሪ በአንድ ደቂቃ 33 ጊዜ ገደማ ብልጭ ማለት አለበት። ቮልቴጁ ዝቅ ካለ ቁጥሩም ያንሳል። 45 ወይም 50 ከቆጠርክ ደግመህ ቁጠር፣ አሁንም እንደዚያው ከሆነ ቆጣሪው እንዲፈተሽልህ በጽሑፍ አመልክት።