የሶፋ ኪራይ፣ የትኋን ጉዳይና ሌሎች ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ ቤት የሚቀይሩ ሰዎች ደብዳቤ ይበዛል። ዘንድሮ አብዛኞቹ የጻፉልኝ ስለ ቤቱ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ስለሚገባው ዕቃ ነው፤ አልጋ፣ ሶፋ፣ ቁም ሳጥንና ማቀዝቀዣ ለጥቂት ወራት መከራየት ያዋጣል ወይ የሚል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስለ ደላላው ጠባይ ብቻ ሦስት ገጽ የጻፉት አንባቢ ቅር እንዳይሰኙ።

ጥያቄ፦ የደረሰን ኮንዶሚኒየም የውስጥ ሥራው አላለቀም፤ የሚሠራልን ሰው በአራት ወር አስረክባለሁ ብሏል። እስከዚያ ባዶ ቤት ተከራይተናል። ባለቤቴ ዕቃ እንከራይ ይላል፣ እኔ እንግዛ እላለሁ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ አራት ወሩ የእውነት አራት ወር ከሆነ ባለቤትዎ፤ የግንበኛ አራት ወር ከሆነ እርስዎ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የወር ኪራዩን ከመግዣው ዋጋ ጋር ሲያነጻጽር ነው። መነጻጸር ያለበት ገዝተው መልሰው ሲሸጡት ከሚያጡት ገንዘብ ጋር ነው። ለስሌት እንዲመች ያህል፣ በ60,000 ብር የገዙትን ሶፋ ከወራት በኋላ በ40,000 ቢሸጡት ኪሳራዎ 20,000 ነው። ያንኑ ሶፋ በወር 4,000 ቢከራዩት በአምስተኛው ወር ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ወር ለአከራዩ ሲሳይ ነው። በሰፈርዎ ያለውን ዋጋ አስገብተው ራስዎ ያስሉት፤ የማጓጓዣውንም በሁለቱም በኩል ይደምሩ።

ዕቃ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ወደ አዲሱ ቤት ይዘውት የሚገቡትን፣ አልጋውን፣ ፍራሹንና ምድጃውን አሁኑኑ ይግዙ። ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑንና ቡፌውን ይከራዩ። የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ተለስኖ፣ ወለሉ ተነጥፎ ሳይለካ የተገዛ ሶፋ ወይ በበሩ አይገባም፣ ወይ ከገባ በኋላ ሰው አያሳልፍም። ውሉን ደግሞ ከአራት ወር በኋላ ወር በወር የሚራዘም ያድርጉት፤ የማራዘሚያው ዋጋ ከወዲሁ ይጻፍ። ያልተጻፈ እንደሆነ በአራተኛው ወር መጨረሻ፣ ቤቱ ሳያልቅ፣ እጅዎ ተይዞ ይደራደራሉ።

በሐምሌ የሚያጓጉዙ ከሆነም ሸራ የሌለው አይሱዙ አይቀበሉ። የቺፕውድ ዕቃ ውኃ ከነካው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም፤ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ከፋዩ እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ የተከራየሁት የምግብ ጠረጴዛ ቀለሙ ደብሮኛል። ራሴ ብቀባውስ?

መልስ፦ የጠረጴዛ ልብስ ይግዙ።

ጥያቄ፦ አልጋ ከነፍራሹ የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ ርካሽ ነው። እህቴ ግን ትኋን ታስገባለህ ብላ ከለከለችኝ።

መልስ፦ እህትዎን ይስሙ። የአልጋ ጣውላ መከራየት ይቻላል፤ ፍራሽ ግን ይገዛል። ስስ ስፖንጅ ቢሆን እንኳ አዲስ ይሁን።

ጣውላውንም ቢሆን ከመጫኑ በፊት በባትሪ መብራት ይመርምሩት። የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የራስጌውን የኋላ ገጽ፣ ርብራቡ የሚያርፍበትን ስንጥቅ ይዩ። የቀለም ጠብታ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ትተውት ይሂዱ። ትኋን ደም ሳያገኝ ለወራት መቆየት ስለሚችል «መጋዘን ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆይቷል» የሚለው ማረጋገጫ ዋጋ የለውም። በጨርቅ የተሸፈነ ሶፋም ያው ነው፤ የመቀመጫውን ትራስ አንሥተው ስፌቱን ይግለጡ። አከራዩ ቅር ካለው ይቅር ይበለው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ትኋን ከገባ በኋላ ለእህል ወይም ለአትክልት የሚረጭ መድኃኒት ከገበያ ገዝተው መኝታ ቤት እንዳይረጩ። ያ የተሠራው ለማሳ ነው፤ በር ተዘግቶ ልጅ በሚተኛበት ክፍል ሰው ይመርዛል። ልብሱንና አንሶላውን በፈላ ውኃ ማጠብ ይረዳል፤ ለቀረው በዚህ ሥራ የሠለጠነ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥሩ። ገንዘቡ ይቆይልኝ የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለሥራ ከሐዋሳ አዲስ አበባ መጥቼ ከነሙሉ ዕቃው አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። ስወጣ አከራዬ «ሶፋው አዲስ ነበር፣ ቀደሽዋል» ብለው ያስያዝኩትን ገንዘብ በሙሉ ያዙት። ሶፋው ስገባም የተቀደደ ነበር። ደላላው ምስክር ነው፣ ግን ስልክ አያነሣም።

መልስ፦ አያነሣማ። ኮሚሽኑን የተቀበለው ያን ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየወሩ ይደርሰኛል፤ ሶፋው ብቻ ነው የሚለወጠው፣ አንዳንዴ ቴሌቪዥን፣ አንዳንዴ የልብስ ማጠቢያ ይሆናል። ሰዎች ዕቃ ሲከራዩ በወር ኪራዩ ላይ ግማሽ ቀን ይከራከሩና ርክክቡን በአምስት ደቂቃ ይጨርሱታል። ገንዘቡ የሚጠፋው ግን በርክክቡ ላይ ነው። ውሉ ላይ «ከነሙሉ ዕቃው» ተብሎ ከታለፈ ምንም አልተጻፈም ማለት ነው።

የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ አንድ፣ ቡናማ፣ የግራ እጀታው በስፌቱ በኩል አንድ ጣት ያህል የተቀደደ፤ ቁም ሳጥን ባለሁለት በር፣ ኤምዲኤፍ፣ የቀኝ በሩ ማጠፊያ የላላ።» እያንዳንዱ ዕቃ፣ እያንዳንዱ ጭረት። ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ሆኖ በየገጹ ሁለቱም ወገኖች ይፈርማሉ። ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው በዚያው ቀን ለአከራዩ በቴሌግራም ይላካል፤ ቀኑ ከመልእክቱ ጋር ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቁልፉን በተቀበሉበት ሰዓት፣ የራስዎ ሻንጣ ሳይገባ ነው። «አታምኚኝም ወይ?» የሚል አከራይ ይኖራል። በትሕትና «ለእርስዎም ዋስትና ነው» ይበሉ፤ እውነትም ነው። በተለመደ አጠቃቀም የሚመጣ እርጅና የተከራይ ዕዳ እንዳልሆነም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ።

ሌላም ወጥመድ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን ለማለፍ አንዳንድ አከራይ በሚመዘገበው ውል ላይ ትንሽ የቤት ኪራይ ያስጽፉና የቀረውን «የዕቃ ኪራይ» ብለው በሌላ ወረቀት ያስፈርማሉ። የዕቃ ኪራይ ራሱ ነውር የለበትም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ኪራይ የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። ነገር ግን አንድ አሮጌ ሶፋና አንድ ጠረጴዛ ከቤቱ በላይ ሲከፈልባቸው ካዩ ነገሩ የዕቃ አይደለም። ሁለት ወረቀት ፈርሚ የተባለች ሰው ከመፈረሟ በፊት ለሕግ ባለሙያ ታሳይ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው፤ ጠብ ቢነሣ የትኛው ወረቀት እንደሚጸና እኔ ከዚህ ወንበር ልነግራችሁ አልችልም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። በስልክዎ ያሉትን የቆዩ ፎቶዎች ይፈትሹ። የገቡ ሰሞን ጓደኞችዎ ሊጠይቁዎት መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠው የተነሡት ካለ፣ ቅዳዱ ከጀርባቸው ይታይ ይሆናል። አከራይዎን ደግሞ የተቀነሰው ገንዘብ በምን በምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቋቸው፤ «አዲስ ነበር» ካሉ የተገዛበትን ደረሰኝ ያሳዩ። የተቀደደ እጀታ ማሰፋት ሶፋ መግዛት አይደለም። ሁለታችሁንም የሚያውቅ ጎረቤት ካለ መጀመሪያ በሽምግልና ይሞክሩ፤ እምቢ ካሉ ጠበቃ።

ጥያቄ፦ ዕቃዬ ከጎንደር እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የእድራችንን ወንበሮች ለዚያን ጊዜ ብዋስስ?

መልስ፦ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዳኛው ሌሊት በርዎን እንዲያንኳኩ አያድርጉ። ለሠርግ ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩትም የሚያስከፍሉት በቀን ስለሆነ ሁለት ሳምንት ሲባዛ ያስደነግጥዎታል። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ይግዙ፤ በኋላም በረንዳ ላይ ይጠቅማሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ መጨረሻ ላይ ዕቃው የራስ የሚሆንበት ሱቅ አለ። ለአዲስ ገቢ አይሻልም?

መልስ፦ ያ ኪራይ ስሙ እንጂ ውድ ግዢ ነው። የሳምንቱን ክፍያ በሳምንቶቹ ቁጥር ያባዙና ዕቃው በሌላ ሱቅ ከሚሸጥበት ጋር ያነጻጽሩ፤ እጥፍና ከዚያም በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። መሐል ላይ መክፈል ካቃተዎት ዕቃውን ይመልሳሉ፤ የከፈሉትም አብሮ ይሄዳል። ለጥቂት ወራት ብቻ ከሆነ በወር የሚያከራዩ ሌሎች ድርጅቶች አሉ፤ እነርሱ ዘንድ የመመለሻ ክፍያውን መጀመሪያ ይጠይቁ። ከሁሉም በፊት ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ቤት እየለቀቀ ያለ ሰው እንዳለ ይጠያይቁ። ሶፋውን እንዲወስዱለት የሚለምንዎት አይጠፋም።

ጥያቄ፦ አልጋ እስክናገኝ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈን ስንተኛ ወገቤን ያመኛል። ከፍራሹ ነው ከመሬቱ?

መልስ፦ ሐኪም ይጠይቁ። እስከዚያ ግን ፍራሹን ጠዋት ጠዋት አንሥተው ያቁሙት፤ በክረምት ከሥሩ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ የተከራየሁት ማቀዝቀዣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተቃጠለ። አከራዩ ክፈል አለኝ።

መልስ፦ ውሉ ምን ይላል? ምንም ካላለ መጀመሪያ ቴክኒሺያን ያሳዩና የተቃጠለበትን ምክንያት በጽሑፍ ይያዙ፤ በዕድሜው የሞተ ሞተርም ብዙ ጊዜ በመብራት ይሳበባል። ለሚቀጥለው፣ ማቀዝቀዣ ሲከራዩ ስታቢላይዘሩን አብሮ የሚያቀርበው አከራዩ መሆኑን ያስጽፉ። ተኝቶ ተጭኖ የመጣ ከሆነም ለሰዓታት ቆሞ ሳይቆይ አይሰኩት።

ጥያቄ፦ የኪራይ ዘመኔ አልቆ ዕቃውን ሊወስዱ ሲመጡ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ገንዘብ ጠየቁ። አከራዩም እኔም አንከፍልም አልን፤ ዕቃው በረንዳ ላይ ነው። ቡፌው ደግሞ በደረጃው አልወርድ ብሏል።

መልስ፦ ዝናብ ሳይመጣ ተካፍላችሁ ክፈሉ። ሌላ ጊዜ ዋጋ ሲነጋገሩ «አራተኛ ፎቅ ድረስ አውጥቶ፣ ከአራተኛ ፎቅም አውርዶ፣ ጫኝና አውራጅን ጨምሮ» የሚል ይግባበት። ቡፌውን በተመለከተ፣ ሲወጣ ተፈታትቶ ነው የወጣው፤ ከኋላው ያሉትን ብሎኖች ይፈልጉ።