ዓይን ቆብ ላይ የወጣ እብጠት ካንሰር ይሆን? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የዓይን ሐኪም ነኝ። ስለ ዓይን ቆብ ካንሰር ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። ላይኛው ቆቤ ላይ አተር የምታህል እብጠት ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆናት። እንቅልፍ አጣሁ።

ተኛ ወንድሜ። በአንተ ዕድሜ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ካላዚዮን ነው። ቆባችን ውስጥ ቅባት የሚያመነጩ እጢዎች አሉ፤ ቀዳዳቸው ሲደፈን ያብጣሉ። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረህ በቀን ሦስት አራቴ ያዝበት። አታፍርጠው። ከወር በላይ ከቆየ ለሐኪም አሳየው።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ቆቧ ላይ የወጣውን እብጠት ሁለቴ ከፍተው አጸዱላት። አሁንም እዚያው ቦታ መጣ። ሽፋሽፍቷም እዚያ ጋ ረግፏል። ግን ምንም አያማትም።

እህቴ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ውሰጃት። ካንሰር ነው እያልኩ አይደለም። ግን ዕድሜዋ፣ እዚያው ቦታ መመላለሱና የሽፋሽፍቷ መርገፍ አንድ ላይ ሲመጡ ዝም አይባልም። አለማመሙም አያጽናናሽ፤ እነዚህ ካንሰሮች ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ አያሙም።

የምንፈራው ሴባሺየስ ካርሲኖማ የሚባለውን ነው። የሚነሳው ከእነዚያው የቅባት እጢዎች ስለሆነ ቁርጥ ካላዚዮን ይመስላል። እጢዎቹ ላይኛው ቆብ ላይ ስለሚበዙ እሱም እዚያ ይበዛል። አንዳንዴ ጭራሽ እብጠት የለውም፤ አንድ ዓይን ብቻ ለወራት ይቀላል፣ ቆቡ ይወፍራል፣ ሰውየው ቴትራሳይክሊን ሲቀባ ይከርማል።

አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ያወጣችሁት ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ተልኳል?» በእኔ እምነት ተመልሶ የመጣ ካላዚዮን ተጠርጎ ወደ ቆሻሻ መጣያ መሄድ የለበትም። ናሙናውም ከላይ ከላይ መላጥ የለበትም፤ ካንሰሩ ከሥር ሊሆን ስለሚችል ጠለቅ ብሎ ይወሰዳል። ቦታ እየዘለለ ስለሚሰራጭም፣ ከተረጋገጠ ከቆቡ ውስጠኛ ገጽና ከዓይኑ ነጭ ሽፋን ከተለያየ ቦታ ትንንሽ ናሙና ሊወሰድ ይችላል። የመላኪያው ወረቀት ላይ የተጠረጠረው ነገር በስሙ ይጻፍ። ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ምን እንደሚፈልግ ካወቀ የማምለጥ ዕድሉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ አይቶ ብቻ ማወቅ አይችልም?

ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ) የቆቡን ጠርዝና ሽፋሽፍቱን ያያል፣ ቆቡን ገልብጦ ውስጡን ይፈትሻል፣ ከጆሮ ፊትና ከአገጭ ሥር ያሉትን የሊምፍ እጢዎች (ንፍፊቶች) በጣቱ ይዳስሳል። ፎቶ አንስቶ ይለካል። ስሙን የሚያወጣለት ግን ማይክሮስኮፕ ነው።

በነጮች ዘንድ በብዛት የሚታየው ባዛል ሴል ካርሲኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ነው፤ የታችኛው ቆብና ወደ አፍንጫ ያለው ጥግ ይወዳል። በመጻሕፍት ላይ ጠርዙ እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ፣ መሐሉ የቆሰለ ሆኖ ይሳላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ማርያም የሳመችው ነጥብ ይመስላል። ቅርፊት እየሠራ የሚደማና የማይድን ቁስል ካለ ቀለሙ አያታልላችሁ።

ጥያቄ፦ ካንሰርን ባዮፕሲ (ለምርመራ ናሙና መቁረጥ) ከነካው ይሰራጫል ይላሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ወሬ ሳቢያ ዘግይቶ ይመጣል፤ በጣም ያናድደኛል። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፣ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ታካሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ደም የሚያቀጥኑ እንደ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን ያሉ መድኃኒቶች የምትወስዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ጎጃም ያሉት አያቴ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ይነቅላሉ። መርገፉን ስታነሳ ደነገጥኩ።

የእሳቸው ትራኮማ ያመጣው ይመስለኛል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይን ይወጋል። እኛን የሚያስጠረጥረን ሳይነቀል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከእብጠት ወይም ከቁስል ጋር የረገፈ ነው። ቢሆንም ይውሰዷቸው። የታጠፈው በቀላል ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ዝም ከተባለ ብሌናቸውን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ወደ አፍንጫዬ በኩል ቢጫ ጠፍጣፋ ነገር ሁለቱም ቆቦቼ ላይ አለ።

ዛንቴላዝማ የሚባል ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ስብ ይመስላል። ካንሰር አይደለም። ኮሌስትሮልህን ተመርመር።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ። ባዛል ሴል ነው ተብዬ «ሞህስ» ቀጠሩኝ። ምንድን ነው?

ፍሬደሪክ ሞህስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የጀመረው ዘዴ ነው። በስሱ ይቆረጣል፣ ጠርዙ እዚያው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ካንሰር ከቀረ ያ ቦታ ብቻ ይደገማል። ዓይን ቆብ ላይ የሚተርፍ ሥጋ ስለሌለ ጥሩ ምርጫ ነው። ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ስለሚችል ምሳሽን ያዢ፤ የሚነዳልሽ ሰውም ይኑር።

ጥያቄ፦ ለአባቴ ሲቲ ስካን ታዘዘ። ተሰራጭቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። እብጠቱ አጥንት ላይ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ ወይም ዓይኑ እንደ ልብ ካልዞረ፣ ወደ ኋላ ምን ያህል እንደገባ ለማየት ይታዘዛል። የባዮፕሲውን ውጤት ከፊልሙ ጋር ይዛችሁ ግቡ፤ አንዱ ያለ ሌላው ለሐኪሙ ጎዶሎ ነው።