ስሙን በትክክል ጻፉለት

ውድ ልጆቼ፣

በየወሩ ማለት ይቻላል አንዳችሁ ትደውሉልኛላችሁ። «ጋሼ፣ ደቡብ ኦሞ ወርጄ ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ነው ጥያቄው። ደስ ይለኛል። በእናንተ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረኝም። ኧረ ውሸቴን ነው፣ ነበረኝ፤ አልጠየቅኩም እንጂ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጉልበቴም እምቢ ብሎኛል። ስለዚህ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

ጂንካ የገባሁት የአውሮፕላን ማረፊያው ገና ከተማው መሀል ሳለ ነው። አውሮፕላን ከሌለ ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያኔ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ሲመጣ ወንዝ ከሞላ መንገድ ላይ ማደር ነበር። የቀጠረኝ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ወላጅ ላጡና ለችግረኛ የአርብቶ አደር ልጆች ማደሪያና ትምህርት ቤት ነበረው። የእኔ ሥራ ምዝገባ ነበር።

አንድ ቀን ከሐመር አንድ ልጅ መጣ። ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ይሆነዋል። አባትም እናትም ሞተዋል ተባለ። ቅጹ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። ልጁ ስሙን ነገረኝ፤ አልያዝኩትም። ደገመልኝ፤ አሁንም አልያዝኩትም። ከኋላው ሌሎች ልጆች ተሰልፈዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ አናት ይበሳል። «ተስፋዬ» ብዬ ጻፍኩት። ለአባቱ ስም ይዞት የመጣውን የቀበሌ ሊቀመንበር ስም ሰጠሁት። ምን አደረግህ ያለኝ ሰው የለም። እንዲያውም ጥሩ ስም አወጣህለት ተባልኩ።

ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆመ። በርኮታውን፣ ያችን መቀመጫም ትራስም የምትሆን እንጨት፣ በእጁ አንጠልጥሏል። የልጁ አጎት ነው። ለካ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቷል። የሚጠራው ስም ግን ፋይላችን ውስጥ የለም። ዘበኛው «እንዲህ የሚባል ልጅ እኛ ጋ የለም» እያለ መልሶታል። ሰውዬው ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ነው የመጣው። እቤት የልጁ ድርሻ ፍየሎች በአጎቱ እጅ ኖረዋል፣ ረብተዋልም። እኛ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ፎቶውን «ማንም የሌለው» እያልን ለለጋሾች እንልካለን።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ወላጅ መሞት ሌላ ነው፣ ወገን ማጣት ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ ላጡ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ ያደርጋል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ደግሞ ልጅን ተቋም ውስጥ ማሳደግን የመጨረሻ ምርጫ ያደርገዋል። መጀመሪያ ማኅበረሰቡ ውስጥ፣ ከዘመድ ጋር፤ ካልሆነ አደራ ቤተሰብ ወይም ጉዲፈቻ ነው። ይህን የምነግራችሁ ሕግ ለማሳየት አይደለም። ደግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ግንብ ስለሆነ ነው። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. ከመከልከሉ በፊትም ችግሩ ያው ነበር። ወረቀቱ ላይ ወላጅ አልባ ተብለው፣ ኋላ በሕይወት ያለች እናት የተገኘችላቸው ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ ማደሪያ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ዓመት ገበያ ዋሉ። ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ። ሸፈሮ ሲቀርብላችሁ ጠጡ። የቡና ገለባ ነው፣ መጀመሪያ አይጥማችሁም፣ ኋላ ትለምዱታላችሁ። የልጁን አክስት የምታገኙት እዚያ ነው። አክስቲቱን በጥቂት ማሽላና በደብተር መደገፍ አንድ ልጅ አዳሪ ከማስቀመጥ በብዙ ይረክሳል። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ግን የለውም። ለዚህ ነው ለጋሽ የማያገኘው።

ማደሪያ የግድ የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። የሚንጊን ነገር ሰምታችኋል። የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ልጅ፣ መንታ፣ ሥርዓቱ ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ፣ ለጎሳው ሁሉ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ሕይወቱንም ያጣ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ሲተርፍ ወደ መንደሩ መልሱት ማለት አይቻልም፣ ቤት ያስፈልገዋል። ጂንካ ውስጥ ለእነዚህ ልጆች ቤት የከፈተው ላሌ ላቡኮ ራሱ የካራ ልጅ ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እህቶቹ በዚሁ ምክንያት መሞታቸውን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። ካራዎች በ1999ኙ ቆጠራ 1,500 እንኳ ያልሞሉ ትንሽ ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን የተዉት የገዛ ሽማግሌዎቻቸው ተቀምጠው፣ ከገዛ ልጆቻቸው ጋር ተነጋግረው ነው። ከአዲስ አበባ ሄደን «ኋላ ቀር» ስንላቸው የኖርነው እኛ አይደለንም ያስተዋቸው። እባካችሁ ያንን ቃል ከፕሮፖዛላችሁ አውጡት። እናት ልጇን የሰጠችው ስለጨከነች አይደለም፤ ስለፈራች ነው። የፈራን ሰው ስትሰድቡት ይደብቃችኋል።

አሁን ደግሞ ስለ አልጋ ላውራ። ሳቁ፣ ግድ የለም።

አንድ ለጋሽ ተደራራቢ አልጋ ገዛልን። ብረት፣ አዲስ፣ ቀለሙ የሚሸት። ፎቶ ተነሳን። ማታ ባትሪ ይዤ ስገባ አልጋዎቹ ባዶ ናቸው። ልጆቹ መሬት ላይ ተቃቅፈው፣ እግር ከእግር ተጠላልፎ ተኝተዋል። ቀሰቀስኳቸውና ወደየአልጋቸው መለስኳቸው። በነጋታውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ቀን ሞግዚቷ፣ ራሷ የባና ሴት ናት፣ ታክቷት ተቆጣችኝ። «ጋሼ፣ ብቻውን የሚተኛ የታመመ ሰው ነው። ልጆቹን ለምን በሽተኛ ታደርጋቸዋለህ?» ቁርበት አስመጣችልን፣ አነጠፍን። የማታ ለቅሶው ቀነሰ። አልጋዎቹ ላይ እህል እናስቀምጥባቸው ጀመር። እሷ ከእኔ ሩብ ደሞዝ ነበር የምታገኘው። እስካሁን ያሳፍረኛል። ሰው ስትቀጥሩ ከቋንቋው ተናጋሪ ጀምሩ፤ ደሞዝ ስትመድቡም እንደዚያው።

ክፍል ውስጥ ያለው ጣጣ ይብሳል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ይል ነበር። እኔ የነበርኩበት ክፍል መጽሐፉም መምህሩም አማርኛ ነበሩ። ስለ ባቡርና ስለ ብርቱካን የሚያነብ ልጅ ሁለቱንም አይቶ አያውቅም። ማታ ከሰማንያ ፍየል አንዷ መጉደሏን ሳይቆጥር የሚያውቅ ልጅ፣ ሒሳብ አይገባውም ተብሎ ከኋላ ይቀመጣል። አማርኛ አይማሩ አልልም፣ ይማሩ፤ እኔም የምጽፍላችሁ በእሱ ነው። ግን መጀመሪያ በእናታቸው ቋንቋ ይነበብላቸው።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር። ሕንፃ የሚሰጥ አይጠፋም። ሳሙና፣ ማገዶ፣ ሞዴስ፣ የእከክ ቅባት፣ የምግብ አብሳይ ደሞዝ የሚሰጥ ግን በሻማ ነው የሚፈለገው። ልደታችሁን እዚያ ሄዳችሁ በኬክ ማክበራችሁን አልቃወምም። ቲክቶክ ላይ የልጁን ፊት መለጠፋችሁን ግን እቃወማለሁ። አድጎ ያየዋል። ከውጭ ሻንጣ ሙሉ ልብስ የምትልኩም፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ የክረምት ካፖርት ግን ኦሞ ዳር ምን ይሠራል?

ሁላችሁም አበበች ጎበናን ትጠቅሱልኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ወጥተው በረሃብ መሀል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው የገቡት ወደ ገዛ ቤታቸው ነው። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ፕሮጀክት ኋላ የመጣ ነገር ነው።

ከሁሉ የምፈራው ግን 18 ዓመት ነው። ልጁ 18 ሲሞላው ስፖንሰሩ ያቆማል፣ ፍራሹ ለሌላ ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህ እንግዲህ የአገሩ ሁሉ ውጤት ነው። የእኛዎቹ የት ይገኛሉ? ከብት ማገድ ረስቷል፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ጂንካ መናኸሪያ ቆሞ ቱሪስት ይጠብቃል። ዛሬ ጂንካ ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ደስ ይላል። ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ልጁን ወደ ዘመዶቹ የምትልኩበትን የመኪና ወጪ በጀት ውስጥ ካላስገባችሁ፣ 12ኛ ሲጨርስ የሚመለስበት ደጅ አይኖረውም።

የእኔ ልጅ ተመለሰ። አጎቱ ከመጣ በኋላ በየክረምቱ እየሄደ ቆየ። ዛሬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ በሞተር ከመንደር መንደር ይዞራል። ሰርተፍኬቱና የደሞዝ ወረቀቱ ላይ ግን እስከ ዛሬ ተስፋዬ ነው። ስም ለማስቀየር ፍርድ ቤት መሄድ አለበት፣ ጊዜ የለኝም ይላል። በዓመት በዓል ስደውልለት በዋናው ስሙ ነው የምጠራው። ሁልጊዜ ይስቅብኛል። «ጋሼ፣ ይሄን ያህል ዘመን? አሁንም አልያዝከውም እኮ» ይለኛል፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ ይደግምልኛል።