የሚያፈስ የፊት አሞርዛተር፦ ኦይል ሲሉን ቤት ውስጥ መቀየር

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም በግብርና ሥራ የተሰማራሁ ባለሙያ ነኝ። ከቀበሌ ቀበሌ የምንቀሳቀስበት 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ከክረምቱ ወዲህ የግራ የፊት አሞርዛተሩ ዘይት ያፈሳል፤ ዘይቱም ወደ ፍሬኑ መውረድ ጀምሯል። ያማከርሁት ጋራዥ አሞርዛተሩ በሙሉ ካልተቀየረ መፍትሔ የለውም ብሎኛል። የተለመዱት መፍቻዎች ስላሉኝ ኦይል ሲሉን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ራሴ መቀየር እችል እንደሆነና ምን ዓይነት ዘይት መጨመር እንዳለብኝ ብትነግሩኝ።

መልስ፦ ይችላሉ። ሆኖም አዲስ ኦይል ሲል ከመግዛትዎ በፊት አሮጌው ለምን እንዳፈሰሰ ማወቅ ይኖርብዎታል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከጎማው ቀለበት ሳይሆን በውስጡ ከሚመላለሰው የክሮም ቱቦ ነውና። ኦይል ሲል ዘይቱን የሚይዘው ቀጭን ከንፈሩን በቱቦው ላይ አጥብቆ ስለሆነ፣ በክሮሙ ላይ ያለ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ አዲሱንም ከንፈር በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ጋራዡ ቱቦውን መርምሮ ከሆነ ምክሩ ምክንያት አለው፤ ሳይመረምር ከሆነ ግን ሙሉ አሞርዛተር ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም።

ምርመራው ቀላል ነው። ቱቦውን በጨርቅና በነጭ ጋዝ በደንብ ካጸዱ በኋላ ጥፍርዎን ከላይ ወደ ታች ያንሸራቱበት። ጥፍር የሚይዝ ነገር ካለ፣ ቦታው አሞርዛተሩ ሲታመቅ ኦይል ሲሉ የሚደርስበት መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ፤ ከዚያ በላይ ያለ ዝገት መልክ ከማበላሸት ያለፈ ጉዳት የለውም። ድንጋይ መትቶት ጠርዙ የተነሣ ትንሽ ጭረት ከሆነ 1000 ከዚያም 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሰው ከፍ ያለውን ጠርዝ ብቻ ማለስለስ ይበቃል። ክሮሙ ተልጦ ከሥሩ ያለው ብረት ከታየ ግን ቱቦው ራሱ መቀየር አለበት፤ ይህም ቢሆን ሙሉውን አሞርዛተር ከመግዛት ይረክሳል።

ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ካገኙት ሌላው ተጠርጣሪ ጭቃ ነው። የአካባቢዎ ዋልካ ቱቦው ላይ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ሞተሩ ጉድጓድ ሲመታ ደረቁ ጭቃ ከአቧራ መከላከያው ሥር አልፎ ከከንፈሩ በታች ይሰነቀራል። ስለዚህ ምንም ከመፍታትዎ በፊት የአቧራ መከላከያውን በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ላይ ያንሡና፣ ከአሮጌ የኤክስሬይ ፊልም የተቆረጠና ጫፉ እንደ መንጠቆ የተደረገ ቁራጭ በከንፈሩና በቱቦው መካከል አስገብተው ዙሪያውን እየጎተቱ ቆሻሻውን ያውጡ። ይህን አድርገው ለጥቂት ቀናት ከነዱት በኋላ ማፍሰሱ ከቆመ ሥራው በዚያው አብቅቷል።

ካልቆመ ወደ መቀየሩ ይሂዱ። ይህ መልስ የሚመለከተው የክሮሙ ቱቦ ከላይ፣ የአሉሚኒየሙ ቤት ከታች የሆነበትን የተለመደውን አሞርዛተር ነው። ኦይል ሲል ሲገዙ በአሮጌው ላይ የታተሙትን ሦስት ቁጥሮች ይዘው ይሂዱ፤ ለምሳሌ 33፣ 46 እና 11 ተብሎ ከተጻፈ የውስጡ ስፋት 33፣ የውጪው 46፣ ቁመቱ ደግሞ 11 ሚሊሜትር ማለት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከክሮሙ ቱቦ ውፍረት ጋር እኩል ነው። የሚያፈሰው አንዱ ብቻ ቢሆንም የሁለቱንም ወገን ይቀይሩ፤ ሁለቱ እኩል ዕድሜ ያላቸው ስለሆኑ ሌላውም ሩቅ አይሆንም፣ ዘይቱም በሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነትና አንድ መጠን መሆን ይኖርበታል።

የአፈታቱ ቅደም ተከተል ከምንም በላይ ትኩረት ይሻል፤ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አብዛኞቹ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነውና። ሞተሩ ገና በጎማው ቆሞ ሳለ፣ ቱቦውን የሚይዘውን የላይኛውን ማያዣ ቡሎን በጥቂቱ አላልተው የቱቦውን ክዳን ትንሽ ብቻ ያንቀሳቅሱት፤ ቱቦው ከወጣ በኋላ ክዳኑን ለመፍታት የሚይዙበት ነገር አይኖርዎትምና። በአሉሚኒየሙ ቤት ግርጌ በአለን ኪ የሚፈታው ቡሎንም እንዲሁ ሞላው ገና ታምቆ ሳለ መላላት አለበት፤ ሞላው የውስጡን ዘንግ ተጭኖ ካልያዘው ዘንጉ ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ያን ጊዜ ቡሎኑን ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። ይህ ካለቀ በኋላ ሞተሩን ከሥሩ በጠንካራ ነገር ደግፈው የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሡ፤ ጎማውንና ፓራፋንጎውን ያውጡ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) በሽቦ ያንጠልጥሉት እንጂ በፍሬን ዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ አይቅር፤ የፍሬኑንም እጀታ ማንም አይጭነው።

አሞርዛተሩ ሲወጣ ክዳኑን ፊትዎን አርቀው ይፍቱ፤ ሞላው ገፍቶ ሊያስፈነጥረው ይችላል። ሞላውን አውጥተው ዘይቱን ከደፉ በኋላ የአቧራ መከላከያውን፣ ቀጥሎም ኦይል ሲሉን የሚይዘውን የሽቦ ቀለበት ያንሡ፤ የግርጌው ቡሎን ሲወጣም ሁለቱን ቱቦዎች ይለያዩ። በአንዳንዶቹ ላይ ሲለያዩ ኦይል ሲሉ አብሮ ይወጣል፤ በቤቱ ውስጥ የሚቀረውን ደግሞ የአሉሚኒየሙ ጠርዝ እንዳይጎዳ ጨርቅ አድርገው በጎማ ማውለቂያ ሌቫ ያንሡት። ከታች ያለችውን የመዳብ ራንዴላ በአዲስ ይተኩ፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ አሮጌዋ ከቀረች ግን አሞርዛተሩ በግርጌው በኩል ማፍሰስ ይጀምራል።

አዲሱን ኦይል ሲል በቱቦው ላይ ከማስገባትዎ በፊት የቱቦውን ጫፍ በቀጭን ላስቲክ ከረጢት ሸፍነው ዘይት ይቀቡት፤ ስለታማው ጠርዝ ከንፈሩን የሚቆርጠው በዚህ ቅጽበት ነው። ቁጥሩ የተጻፈበት ወገን ወደ ላይ ይሁን። ለማስገቢያ ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ በቱቦው ላይ የሚያልፍና ስፋቱ የተመጠነ የፕላስቲክ ውኃ ቧንቧ ይበቃል። አሮጌውን ኦይል ሲል በአዲሱ ላይ ደርበው በቧንቧው ዙሪያውን እኩል ይምቱ፤ የሽቦው ቀለበት የሚገባበት ጎድጓድ ሙሉ በሙሉ ሲታይ በቦታው ተቀምጧል።

ስለ ዘይቱ፦ በመመሪያው የተጠቀሰውን ይጠቀሙ፤ ለብዙ መንገደኛ ሞተሮች 10 ደብሊው የሚባለው የአሞርዛተር ዘይት ነው። ይህ ካልተገኘ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ውፍረቱ ስለሚቀራረብ ሊያገለግል ይችላል። ብዙዎች የሚጨምሩት 20 ደብሊው 50 የሞተር ዘይት ግን በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአራትና በአምስት እጥፍ የወፈረ ስለሆነ አሞርዛተሩን ያደነድነዋል፤ በጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ከመሬት ሲነሣ የሚሰማዎት ከዚህ ነው። መጠኑን ከፋርማሲ በሚገኝ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለሁለቱም እኩል ይለኩ። አየሩ እንዲወጣ ቱቦውን ቀስ ብለው ደጋግመው ካመላለሱት በኋላ፣ ሞላው ሳይገባና ቱቦው እስከ መጨረሻው ታምቆ ሳለ የዘይቱን ከፍታ ከጫፍ ለክተው ሁለቱን ያመሳስሉ።

ሲገጥሙ የጎማውን ፔርኖ ካጠበቁ በኋላ የፔርኖውን ማያዣ ከማጥበቅዎ በፊት የፊቱን ወገን ደጋግመው ወደ ታች ይጫኑት፤ ሁለቱ እግሮች በራሳቸው መሥመር ይይዛሉ። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ቢታጠብም ወደ ቀድሞው ጉልበቱ ስለማይመለስ በአዲስ ይተካ፤ ዲስኩን ብቻ በቤንዚን ጠርገው ማትረፍ ይቻላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ኦይል ሲል ሁለት ጊዜ አስቀይሬያለሁ፤ አሁንም ያው የቀኙ ብቻ ያፈሳል። ምን ሊሆን ይችላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አንድ ወገን ብቻ ደጋግሞ ማፍሰሱ ወደ ቱቦው መጣመም ይጠቁማል፤ ሞተሩ ወድቆ ወይም ተጋጭቶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። ቱቦውን አውጥተው በመስተዋት ላይ ያንከባሉት፤ በሥሩ ብርሃን እየታየና እየጠፋ ከሄደ ተጣሟል። ቀጥ ያለ ከሆነ የውስጡ ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) አልቆ ቱቦው ወደ ጎን እየተወዛወዘ መሆኑን ይመርምሩ፤ ቀጥሎም በዚያ ወገን ያለው ዘይት ከልኩ በላይ አለመሆኑን ያጣሩ፤ ዘይት ሲበዛ ለአየሩ የሚቀረው ቦታ ስለሚጠብ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ግፊቱ ኦይል ሲሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በጥቂቱ የተጣመመ ቱቦ በፕሬስ ሊቃና ይችላል፤ ክሮሙ የተሰነጠቀ ወይም የተጨማደደ ከሆነ ግን አይቃናም፣ በሌላ ይቀየራል።