ስለ ረዳት መምህራን ሥልጠናና ድጋፍ፦ ጥያቄና መልስ

ማስተርስና ፒኤችዲ እየተማሩ የሚያስተምሩ ረዳት መምህራንን ማሠልጠን ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆነኝ። ቱቶሪያል (ተማሪዎች ጥያቄ የሚሠሩበት ክፍለ ጊዜ)፣ ላብ (ቤተ ሙከራ)፣ እርማት፣ የማማከሪያ ሰዓት፣ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልበል። አብራችሁ ሳታርሙ ለየብቻ እርማት አትጀምሩ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

አዲስ አስተባባሪ፦ መምህር፣ ዘንድሮ 14 ረዳት መምህራን እንዳስተባብር ተመድቤያለሁ። ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት የአንድ ቀን ሥልጠና ታስቧል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። አንድ ቀን ሕጉን ለማስረዳትና ክፍሎቹን ለማሳየት ይሆናል። በዚያ ቀን ሠልጣኞቹ ጥያቄ እንኳ የላቸውም። ጥያቄው የሚመጣው በሁለተኛው ሳምንት፣ ክፍሉ ጭጭ ሲልባቸው ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ይያዙላቸው። በዚያ ሰዓት የቀጣዩን ሳምንት ጥያቄዎች ራሳቸው ይሥሩ፤ ተማሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ይነጋገሩ። ሰዓቱ ማስታወቂያ በማንበብ እንዳያልቅ ይጠንቀቁ። ማስታወቂያ በኢሜይል ይላካል።

ከአንዱ ቀን ደግሞ ግማሹን ለማይክሮቲቺንግ ይስጡት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ዘዴ ነው። አንድ ሰው አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ያስተምራል፣ በቪዲዮ ይቀረጻል፣ አስተያየት ይሰጠዋል፣ ከዚያ ያንኑ ትምህርት እንደገና ያስተምራል። ብዙዎች ሁለተኛውን ዙር ይዘሉታል። ዋናው ግን እሱ ነው። አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። በመጀመሪያው ዙር ፊቱን ከሰሌዳው ሳያዞር ጨረሰ። ቪዲዮውን አየው፤ ማንም ምንም ማለት አላስፈለገውም። በሁለተኛው ዙር አንድ መስመር ይጽፍና ዞር ይላል፣ ተማሪዎቹን ያያል፣ ሌላ መስመር ይጽፋል።

አዲስ ረዳት መምህርት፦ ሰኞ የመጀመሪያው ቱቶሪያሌ ነው። የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ መጠየቁንማ ይጠይቁሻል። አይዞሽ። “ይሄን አጣርቼ ሐሙስ እነግራችኋለሁ” በይ፤ ሐሙስ ሲደርስም ንገሪያቸው። በግምት አትመልሺ። በግምት የሰጠሽውን መልስ ፈተና ላይ ጽፈውት ታገኚዋለሽ፣ ያኔ ማርክ ቀናሿም አንቺው ነሽ። እስከ ሰኞ ድረስ የሳምንቱን ጥያቄዎች የመልስ ወረቀቱን ሳታዪ በእጅሽ ሥሪያቸው። አንቺ የተያዝሽበት ቦታ ላይ እነሱም ይያዛሉ።

አንድ ልጨምርልሽ። ጠይቀሽ ስታበቂ ጠብቂ። ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው እንዳሳዩት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሱ ይረዝማል፤ ሌላ ጊዜ ዝም የሚሉትም አፋቸውን ይከፍታሉ። ሰሌዳው ፊት ቆመሽ ሦስት ሰከንድ ዓመት ይመስልሻል። በልብሽ ቁጠሪ።

የፊዚክስ ረዳት፦ አንዱን ፈተና አምስት ሆነን ነው የምናርመው። ተማሪዎቹ “የእገሌ ክፍል ማርክ ይለግሳል” እያሉ ያማርራሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ልጆቹ እውነታቸውን ነው። አምስት ሰው ለየብቻው ሲያርም አምስት የተለያየ ፈተና ነው የሚታረመው።

እንዲህ አድርጉ። ከተፈተኑት ወረቀቶች ስድስት ምረጡ። አንድ ግሩም፣ አንድ ደካማ፣ አራት መካከለኛ ይሁኑ፤ የሚያጨቃጭቀው መካከለኛው ነውና። ስም ሸፍናችሁ ኮፒ አድርጉ። ሁላችሁም ሳትነጋገሩ እረሙና ውጤቱን በአንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አንዱ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ወደሱ ይጠጋል።

እኛ ጋ አንድ ጊዜ ከ10 የሚታሰብ ጥያቄ ነበር። ለአንዱ ወረቀት አንዷ 3 ስትሰጥ ሌላው 8 ሰጠ። ሁለቱም ጠንቃቆች ናቸው። ተማሪው እኩልታውን በትክክል ጽፏል፤ ሁለተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክት ረሳ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በዚያው ተበላሸ። አንዷ የመጨረሻውን መልስ አየች፣ ሌላው አካሄዱን አየ። 40 ደቂቃ ተከራከርን። ክርክሩ የበረደው “ይህን ጥያቄ የጠየቅነው ምን ለማየት ነው?” ብለን ስንነሳ ነው። ያየነው አካሄዱን ነበር። ስለዚህ የምልክት ስህተት 1 ማርክ ይቀነሳል፣ ያውም አንዴ ብቻ፣ ብለን ወሰንን። ጻፍነው። ቅሬታ በመጣ ቁጥር አምስታችንም የምናሳየው ያንኑ መስመር ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለየብቻ ማረም ይቻላል። ግን አንዱን ተማሪ ጨርሳችሁ ወደሌላው አትለፉ። ጥያቄ 1ን ለሁሉም አርማችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ጥያቄ 2። ወደ 2 ስትሄዱ የወረቀቱን ቅደም ተከተል አዘበራርቁ፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ድካም ሲመጣ የሚታረመው ያው ልጅ እንዳይሆን። ሃያ ወረቀት ካረማችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መልሳችሁ እዩ። እጃችሁ ጠንክሮ ወይም ላልቶ ታገኙታላችሁ።

የሒሳብ ረዳት፦ ይቅርታ መምህር፣ 1 ማርክ በጣም አንሷል። ምልክት ማለት በሒሳብ ሙሉ ትርጉሙን ይለውጣል።

የላብ ረዳት፦ እኔ አልስማማም። አንድ ንባብ የተሳሳተ ልጅ ስሌቱን በሙሉ በትክክል ሠርቶ ዜሮ ሲያገኝ በሚቀጥለው ሳምንት ላብ አይመጣም።

የሒሳብ ረዳት፦ ዜሮ ማን አለ? 4 ይሰጠው ነው የምለው።

የላብ ረዳት፦ 4 ማለት እኮ ወደቀ ማለት ነው።

መልስ፦ በቃ። ሁለታችሁም የሚያስኬድ ሐሳብ አላችሁ። በአንድ ኮርስ ውስጥ ግን አንዱን ብቻ ነው መያዝ የሚቻለው። ይህን ክርክር ከባልደረቦቻችሁ ጋር ከእርማት በፊት አድርጉት፤ ውሳኔውን ጻፉት።

ስም ያልገለጸ፦ ጥሩ ረዳት መምህር ለመሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ታስተምራለህ? ላብ ነው ቱቶሪያል? ስንት ተማሪ አለህ? የከበደህስ ምንድን ነው? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

የባዮሎጂ ረዳት፦ የክፍያችን ነገርስ? ለሥልጠናው ሰዓት ሊከፈለን አይገባም?

መልስ፦ ሥልጠና ሥራ ነው፤ እንደ ሥራ ሰዓት ሊቆጠር ይገባል። የቀረውን ውልህ ላይ እይ፣ ትምህርት ክፍልህንም ጠይቅ።

የኢኮኖሚክስ ረዳት፦ አማካሪዬ ቱቶሪያሉ ጥናቴን እንደጎዳው ነገረኝ። የቡድን ሥራ ትቼ ራሴ ሰሌዳ ላይ ብሠራላቸው ዝግጅቱ ይቀለኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትንተና በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር። መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው ክፍሎች ከመቶ 34 ያህሉ ወደቁ፤ ተማሪው በሚሳተፍባቸው 22 ያህሉ። የሒሳብ መምህሩ ዩሪ ትሬስማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ የከበዳቸውን ጥቁር ተማሪዎች ሲከታተል፣ ትጉህ ሆነው ሳለ ብቻቸውን እንደሚያጠኑ አየ። ጥሩ ውጤት የሚያመጡት የቻይና ተወላጆች ግን ለየብቻ ከሠሩ በኋላ ተሰብስበው መልሳቸውን ያነጻጽሩ ነበር። እሱም ከባድ ጥያቄ እየሰጠ በቡድን ማሠራት ጀመረ፤ ውጤታቸውም ተሻሻለ።

የሰዓቱ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስት ሳምንት ለዝግጅት፣ ለክፍል፣ ለእርማት የሚሄድብህን ሰዓት መዝግብ። ከተመደበልህ በላይ ከሆነ ወረቀቱን ይዘህ አስተባባሪህ ጋ ሂድ። “በዛብኝ” ብቻ ብለህ አትሂድ።

የኬሚስትሪ ረዳት፦ አንዲት ተማሪ በማማከሪያ ሰዓት መጥታ አለቀሰች። ስለ ትምህርት አልነበረም። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ መስማትሽ ይበቃል። “ለማንም አልናገርም” ብለሽ ግን ቃል አትግቢ፤ ልጅቷ አደጋ ላይ ከሆነች መናገር ግድ ይሆናል። ወደ ምክር አገልግሎት ምሪያት፤ ከፈለገች እስከ በሩ አድርሻት።

ሌላ ረዳት፦ እርማት እንዴት ላፍጥን? 180 ወረቀት አለብኝ።

መልስ፦ ከላይ ተጽፏል። እባካችሁ መጀመሪያ አንብቡ። አንድ ነገር ልድገም፦ አብራችሁ ሳታርሙ ለየብቻ አትጀምሩ። የሚያዘገየው እያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና መወሰን ነው። ውሳኔው ተጽፎ ከተቀመጠ እጅህ ይፈጥናል።

አዲስ አስተባባሪ፦ መምህር፣ ካለፈው ዓመት ፈተና ስድስት ወረቀት መርጬ ኮፒ አደረግሁ። ነገ 8 ሰዓት ላይ 14ቱም ይመጣሉ። የረሳሁት ነገር አለ?

መልስ፦ የድሮው ማርክ በቀይ ተጽፎበት ከሆነ ይሸፍኑት፤ ካዩት ከሱ አይርቁም። እርስዎም አብረው ይረሙ፣ ውጤትዎን ግን መጨረሻ ላይ ይጻፉ።